ሮቦኮፕ፦ አሮጌው ይሻላል ወይስ አዲሱ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን መናኸሪያው አካባቢ ፊልም የምጭንባት አንዲት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ፍላሽ ወይ ሚሞሪ ይዛችሁ ትመጣላችሁ፣ እኔ እጭናለው፣ በቃ ስራዬ ይሄው ነው። ከሁሉም ፊልም ግን እንደ ሮቦኮፕ ያጨቃጨቀኝ የለም። አንዱ "ሮቦኮፕ ጫንልኝ" ይለኛል፣ አሮጌውን እጭንለታለው፣ በነጋታው ተመልሶ "ይሄማ የድሮ ነው እኮ" ብሎ ይቆጣኛል። ሌላው አዲሱን ይወስዳል፣ ምንም አይልም፣ ከሳምንት በኋላ ግን "እንዴት ነበር?" ስትለው "የቱ?" ይልሃል። እኔን ያስገረመችኝ ይቺ ሁለተኛዋ ናት። አሮጌውን አይቶ የተቆጣኝ ሰውዬ እስከዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ስለ ፊልሙ ነው የሚያወራኝ።

እና ሁሌ ከምለፈልፍ ልፃፈው ብዬ ነው። ፊልሙን ያላያችሁ ካላችሁ መጨረሻውን ጭምር ነው የማወራው፣ አይታችሁ ኑ።

ስንት ሮቦኮፕ ነው ያለው? አሮጌው የቱ ነው?

ሲኒማ የወጡት አራት ናቸው። አሮጌው የምለው እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣውን ነው፣ በኛ ሐምሌ 1979 መሆኑ ነው። ዳይሬክተሩ ፖል ቨርሆቨን የሚባል ሆላንዳዊ፣ ዋናው አክተር ፒተር ዌለር፣ አብራው የምትሰራዋ ፖሊስ ናንሲ አለን። ከዛ በ1990 ቁጥር ሁለት መጣ፣ በ1993 ቁጥር ሶስት። አዲሱ የምንለው በ2014 ታሪኩን ከዜሮ ጀምረው እንደገና የሰሩት ነው፣ ዳይሬክተሩ ብራዚላዊው ዦዜ ፓዲላ፣ አክተሩ ጆኤል ኪናማን። አዲስ እንላለን እንጂ እሱም ከወጣ አስር አመት አልፎታል። ፖስተሩ ላይ ልብሱ ብርማ ከሆነ አሮጌው፣ ጥቁር ከሆነ አዲሱ፣ በዚች ለዩት።

ታሪኩ ባጭሩ ምንድነው?

ዲትሮይት የመኪና ከተማ ነበረች፣ ፊልሙ ላይ ግን በወንጀል ተበላሽታ ፖሊሷ ሳይቀር ኦሲፒ ለሚባል ትልቅ ካምፓኒ ተሰጥቷል። አሌክስ መርፊ የሚባል ፖሊስ ጣቢያ ተቀይሮ ይመጣና ገና በመጀመሪያው ቀን የወንበዴ ቡድን እጅ ወድቆ ይገደላል። ካምፓኒው የተረፈውን አካል ወስዶ ብረት ያለብሰዋል፣ ትዝታውን ያጥብና ሮቦት ፖሊስ ያደርገዋል። ሶስት ትዕዛዝ ጭንቅላቱ ውስጥ ይጭኑበታል፦ ህዝብን አገልግል፣ ንፁሃንን ጠብቅ፣ ህግ አስከብር። አራተኛም አለች ግን ሚስጥር ናት፣ ለራሱም አይነገረውም። ከጊዜ በኋላ የካምፓኒውን ባለስልጣን ሊያስር ሲሄድ ነው እጁን የምታስረው አራተኛዋ ትዕዛዝ መሆኗን የሚያውቀው፣ የካምፓኒውን ባለስልጣን እንዳይነካ ትከለክለዋለች። እስከዛ ግን አንድ ያላሰቡት ነገር ይመጣል፣ ሮቦቱ ማታ ማታ ህልም ማየት ይጀምራል።

እሺ አሮጌው ለምንድነው የሚሻለው?

ይሄን ለመመለስ ቪዲዮ ቤት ልውሰዳችሁ።

1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ልጅ ሆኜ (በኛ አቆጣጠር ነው የማወራው) ሰፈራችን አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። የጭቃ ቤት ነው፣ መስኮቱ በማዳበሪያ ተሸፍኗል፣ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቲቪ፣ አንድ ዴክ። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። የከተማችንን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ግማሹ ልጅ የሚገባው ለፊልሙ ሳይሆን ለሙቀቱ ነበር፣ አንድ ጋቢ ውስጥ ሶስት ልጅ ሆነን። እንግሊዝኛ የሚሰማ አንድም ሰው የለም። ባለቤቱ አንዳንዴ ቆሞ ያስተረጉምልን ነበር፣ እሱም ከራሱ እየፈጠረ እንደነበር ያወቅነው ካደግን በኋላ ነው። ለምሳሌ መርፊን የገደለው ክላረንስ የመርፊ የእንጀራ ወንድም ነው ብሎናል፣ እኔ ደግሞ ይሄን ስንት አመት አምኜ ኖሬያለው።

የቪዲዮ ቤት አንድ ህግ አለ፣ አክተር አይሞትም። ሁላችንም እናውቃለን፣ የፈለገ ጥይት ቢዘንብ አክተሩ ክንዱን ነው የሚመታው። እና መርፊ ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሞተ። ያውም አሟሟቱ! መጀመሪያ እጁን በጠመንጃ በጠሱት፣ ከዛ ከበው እየሳቁ ተኮሱበት፣ መጨረሻ ግንባሩን። ቤቱ ፀጥ አለ። አንዱ ልጅ ቀስ ብሎ "እሱ አይደለማ አክተሩ" አለ፣ ሁላችንም አመንነው፣ ሌላ አክተር እስኪመጣ መጠበቅ ጀመርን።

አሁን እዩልኝ። መርፊ ከመሞቱ በፊት አንዲት ትንሽ ነገር ሲያደርግ አይተነዋል፣ ሽጉጡን በጣቱ አሽከርክሮ ወደ ቦታዋ ይመልሳታል። ልጁ ቲቪ ላይ የሚያየው አንድ ጀግና እንደዛ ስለሚያደርግ አባትየው ለልጁ ብሎ የተለማመዳት ነገር ናት። በቃ ይቺው ናት። ከዛ ብረት ለባሹ ይመጣል፣ ፊቱ አይታይም፣ ድምፁ የማሽን ነው፣ ማን እንደሆነ ማንም አልነገረንም፣ ተኩስ ልምምድ ቦታ ገብቶ ሁሉንም አስደንግጦ ተኮሰና ሲጨርስ ሽጉጧን አሽከርክሮ እግሩ ውስጥ ከተታት። ቪዲዮ ቤቱ ተናጋ። "እሱ ነው! እሱ ነው!" እያልን ተነስተን ጮኽን፣ ከኋላ ያለው እየጎተተ ያስቀምጠናል። እንግሊዝኛ የማይሰማ አርባ ልጅ ሰውየው ማን እንደሆነ ከፖሊሶቹ ቀድሞ አወቀ።

ከዛ ደግሞ ባዶ ቤቱ ሲሄድ አለ። ቤቱ ለሽያጭ ነው፣ ማንም የለም፣ ግድግዳው ላይ ያለ ስክሪን ውስጥ አንድ ደላላ ቤቱን እያሞገሰ ይለፈልፋል፣ እሱ በየክፍሉ በብረት እግሩ እየተራመደ ሚስቱና ልጁ ብልጭ ብልጭ እያሉ ይመጡበታል። መጨረሻ ስክሪኑን በቡጢ ይሰብረዋል። ይሄም ትርጉም አላስፈለገውም።

እኔ የምለው ይሄንኑ ነው። አሮጌው በዓይን የሚገባ ፊልም ነው። አዲሱ በጆሮ ነው፣ ስብሰባ፣ ማብራሪያ፣ ሐኪሙ ለአለቃው ያስረዳል፣ አለቃው ለማርኬቲንጉ ያስረዳል፣ ቲቪ ላይ ያለው ሰውዬ ለህዝቡ ያስረዳል። የማታምኑ ካላችሁ ሁለቱንም ውሰዱና ድምፁን ዘግታችሁ እዩ፣ አሮጌው ላይ ታለቅሳላችሁ፣ አዲሱ ላይ ሻይ ልታፈሉ ትነሳላችሁ።

አዲሱ ላይ የጎደለው አንድ ነገር ጥቀስ ብትባልስ?

እጁን እጠቅሳለው።

አሮጌው ላይ መርፊን እየሰሩት እያለ ካሜራው የመርፊ ዓይን ነው፣ እኛ ተኝተን እነሱ ከላይ ያዩናል። አንዱ ባለሙያ ደስ ብሎት የግራ ክንዱን ማትረፍ ችለናል ይላል። የፕሮጀክቱ አለቃ ቦብ ሞርተን ይቆጣል፣ ሙሉ አካሉ ብረት ይሆናል ተባብለን አልነበር እንዴ፣ ክንዱ ይጣል። ይሰማናል ወይ ብሎ አንዱ ሲጠይቅ ቢሰማም ግድ የለም፣ ትዝታው ይጠፋል ይባላል። እንግዲህ ተኝተህ ስለ ክንድህ ሲነጋገሩ መስማት ነው፣ የሚጠይቅህም የለም። ይቺ ትዕይንት አንድ ደቂቃ አትሞላም፣ ካምፓኒው ምን አይነት እንደሆነ ግን ከዛ በኋላ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም።

አዲሱ ላይስ? ቀኝ እጁን ትተውለታል። መላው አካሉ ጥቁር ብረት ሆኖ አንድ የሰው እጅ ወጥቶ ይታያል፣ ምክንያቱም ሰው ሲጨባበጥ እጅ ይፈልጋል። ሃሳቡ መጥፎ አይደለም፣ እንደውም ሽሙጥ አለበት። ግን ምን ያህል እንደሚያቀልለው አያችሁ? ስሙን ያውቃል፣ ሚስቱን ያውቃል፣ ፊቱን ከፍቶ ያወራል፣ እጁም አለ። በኋላ ላይ ለስራ አስቸገረ ብለው አንጎሉ ውስጥ ያለውን ኬሚካል ዝቅ አድርገው ስሜቱን ያጠፉበታል፣ እሱም ቀስ ብሎ ይመለሳል። የአሮጌው መርፊ ግን ሁሉንም ተነጥቆ ነው የሚጀምረው፣ ስሙንም ጭምር፣ እና እያንዳንዷን ራሱ ፈልጎ ነው የሚያገኛት። በእጁ ላለ ነገር ማን መንገድ ይሄዳል?

የአሮጌው ኢፌክት ያረጀ አይደለም እንዴ? አዲሱ ጥራት አለው እኮ

ጥራት አለው፣ አልክድም። ብሩም አለው። አሮጌው የተሰራው በ13 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፣ አዲሱ ላይ ከ100 ሚሊዮን ያላነሰ ወጥቶበታል።

ግን ያረጀ የምትሉትን እስቲ እንየው። ኤድ 209 የሚባለው ትልቁ ሮቦት አለ አይደል፣ በሁለት እግሩ የሚሄደው። እሱን ያንቀሳቀሰው ፊል ቲፔት ነው፣ ትንሽ ሞዴል ሰርቶ በጣም በጥቂቱ እያንቀሳቀሰ አንድ አንድ ፎቶ እያነሳ፣ ለአንድ ሰከንድ 24 ፎቶ ማለት ነው። እንቅስቃሴው ቆረጥ ቆረጥ ስለሚል ዛሬ ያስቃችሁ ይሆናል፣ እኔ ግን የሚያስፈራኝ ያቺው ቆረጥ ቆረጥ ናት። ስብሰባ አዳራሽ አምጥተው ሲያስመርቁት አንዱን ወጣት ሰራተኛ ሽጉጥ አስይዘው ወደ ሮቦቱ እንዲያነጣጥር ያደርጉታል፣ ሮቦቱ "መሳሪያህን ጣል" ይላል፣ ልጁ ይጥላል፣ ማሽኑ አልሰማም መቁጠሩን ይቀጥላል፣ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ያው ማሽን ደግሞ በኋላ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል፣ እግሩን ልኮ ይፈትሻል፣ ይንከባለላል፣ በጀርባው ተኝቶ እንደ ህፃን እየተንፈራገጠ ያለቅሳል። ገዳይም ሞኝም በአንድ ፊልም። አዲሱ ላይ ያሉት ሮቦቶች እንከን የላቸውም፣ ስለዚህ ጠባይም የላቸውም።

ልብሱ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። የሰራው ሮብ ቦቲን ነው። ፒተር ዌለር ሞኒ ያኪም ከሚባል የእንቅስቃሴ አስተማሪ ጋር ስንት ጊዜ አረማመድ ሲለማመድ ከርሞ ነበር፣ ልብሱ ግን ዘግይቶ ቀረፃ ከተጀመረ በኋላ ደረሰ፣ ሲለብሰው ብዙ ሰዓት ፈጀ፣ ለብሶም ያን ሁሉ የተለማመደውን ማድረግ አልቻለም። ስራው ቆሞ እንደገና ተለማመዱ፣ ቀስ ያለ ከባድ አረማመድ አወጡ። ዛሬ ሰው "እንደ ሮቦኮፕ" ብሎ የሚያስመስላት አረማመድ ከዛ ችግር የመጣች ናት። የመንዝ ሽማግሌ በርኖስ ደርቦ ሰው ሲጠራው ሲዞር አይታችሁ እንደሆነ፣ መጀመሪያ አንገቱ ይዞራል፣ ከዛ ትከሻው፣ ከዛ እግሩ ይከተላል። ልክ እንደዛ ነው። ክብደት አለው፣ ወለሉ ሲረገጥ ይሰማል። የአዲሱ ልብስ ቀላል ነው፣ ይዘላል፣ ይሮጣል፣ ሞተር ሳይክል ይነዳል፣ ዘመናዊ ነው በቃ።

ድምፁን ካነሳን አይቀር፣ አሮጌው በድምፅ ኢፌክት አሰራሩ ከኦስካር ልዩ ሽልማት ወስዷል። የባሲል ፖሌዱሪስን ሙዚቃም ስሙ፣ ኦርኬስትራው መሃል ብረት ሲቀጠቀጥ ትሰማላችሁ።

ሮቦኮፕ የትንሳኤ ምሳሌ ነው ሲባል ሰማው፣ እውነት ነው ወይስ የዩቲዩብ ወሬ?

ይሄን የጠየቀኝ አንድ ዲያቆን ልጅ ነው፣ እኔም መጀመሪያ ሳቅኩበት። ግን እውነት ነው፣ ቨርሆቨን ራሱ ደጋግሞ ተናግሮታል። እጁ ይመታል፣ ተሰቃይቶ ይሞታል፣ ይነሳል፣ መጨረሻ ላይ ብረት ፋብሪካው ውስጥ ኩሬው ላይ ሲሄድ ውሃው ቁርጭምጭሚቱን ብቻ ነው የሚነካው፣ በውሃ ላይ የሚራመድ እንዲመስል አስቦ ነው ያደረገው። "አሜሪካዊ ክርስቶስ" ነው የሚለው፣ ማለትም በመጨረሻ ሽጉጥ የሚመዝ። ሰውየው ስለ ኢየሱስ ህይወት መፅሐፍም ፅፏል። ለዲያቆኑ ያልኩትን ለእናንተም ልበል፣ ምሳሌ ነው እንጂ ትምህርተ ሃይማኖት አይደለም፣ ለስብከት እንዳታውሉት።

የሚያስቀው ግን ይሄ ሰውዬ ስክሪፕቱን መጀመሪያ ሲሰጡት ርዕሱን አይቶ ትንሽ አንብቦ ጥሎት ነበር፣ የማይረባ የአሜሪካ ፊልም ነው ብሎ። ሚስቱ ናት አንብባው በውስጡ ነገር አለ ድጋሚ እየው ያለችው። አሜሪካ ሄዶ የሰራው የመጀመሪያ ፊልሙ ሆነ።

ፊልሙ መሃል ላይ የሚገቡት ማስታወቂያና ዜናዎች ምንድናቸው? ፋይሉ ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም ወንድሜ፣ ፊልሙ ነው። እኛም ቪዲዮ ቤት ውስጥ ካሴቱ ተቀየረ ብለን ጮኸናል፣ ባለቤቱም ደንግጦ ዴኩን መታ መታ አድርጎታል።

እነሱ የፊልሙ ቀልድ ናቸው። ቤተሰብ ተሰብስቦ የኒውክሌር ጦርነት የሚጫወትበት የልጆች ጨዋታ አለ፣ ዜና አንባቢዎቹ እየሳቁ እልቂት ያወራሉ። እኔ የምወዳት የመኪናዋ ናት፣ 6000 ሱክስ የምትባል ግዙፍ መኪና፣ በአንድ ጋሎን 8.2 ማይል ብቻ ትሄዳለች፣ ማስታወቂያው ይሄን እንደ ኩራት ነው የሚያወራው። ቁጭ ብዬ አሰላሁት፣ በሊትር ሶስት ኪሎሜትር ተኩል ነው። ከዚህ አዲስ አበባ 130 ኪሎሜትር ለመሄድ 37 ሊትር ትጠጣለች፣ የዛሬ ነዳጅ ሰልፍ ላይ አስቡት እስቲ። አዲሱ ውስጥ እንዲህ አይነት ቀልድ የለም ማለት ይቻላል፣ ሳሙኤል ኤል ጃክሰን በቲቪ አቅራቢነት እየጮኸ ይሞክራል፣ ይሁን።

ዲትሮይት እውነት እንደዛ ናት?

አሮጌው የተቀረፀው በአብዛኛው ዳላስ፣ ቴክሳስ ነው፣ ዲትሮይት አይደለም። የካምፓኒው ህንፃ ተብሎ የሚታየውም የዳላስ ማዘጋጃ ቤት ነው፣ በስዕል ወደ ላይ አስረዝመውት። ግን ዲትሮይት እ.ኤ.አ. በ2013 እውነትም ከሰርኩ ብላ ፍርድ ቤት ሄዳለች፣ እስከዛ ድረስ በአሜሪካ ከከሰሩት ከተሞች ትልቋ ሆና። ፊልሙ ከወጣ 26 አመት በኋላ። አዲሱ ደግሞ ከዛ ሰባት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ወጥቶ ስለዚህ ነገር ብዙም አለማለቱ ይገርመኛል።

አዲሱ ምንም ጥሩ ነገር የለውም ማለት ነው?

ኧረ አለው። አትጥሉት። ሐኪሙን ሆኖ የሚሰራው ጋሪ ኦልድማን በጣም ጎበዝ ነው። አንድ ትዕይንት አለ፣ መርፊ ምን ቀረኝ ብሎ ሲጠይቅ ብረቱን በመስታወት ፊት አንድ በአንድ ያነሱለታል፣ ሳንባው ሲነፋ ሲሟሽሽ ይታያል፣ ጭንቅላትና እጅ፣ በቃ ያ ነው። እሷ ትዕይንት አሮጌው ውስጥም ብትኖር አታሳፍርም ነበር፣ ያውም ወሬ የማይበዛባት መሆኗን ልብ በሉ። መጀመሪያ ላይ ሮቦቶቹ ቴህራን ውስጥ ቤት ለቤት ሲፈትሹም ጥሩ ነው፣ ስለ ድሮን ያኔ የሚያወራ ፊልም ብዙ አልነበረም። ዳይሬክተሩ ፓዲላ ችሎታ ያለው ሰው ነው፣ ከዛ በፊት ስለ ብራዚል ፖሊስ በሰራው ፊልም በ2008 የበርሊን ወርቃማ ድብ ወስዷል። ስሙ ሮቦኮፕ ባይሆን እኮ ደህና ፊልም ብለን እናልፈው ነበር።

ቁጥር ሁለትና ሶስትስ?

ሁለት ይታያል። ሶስት አክተሩም ተቀይሯል፣ ሮቦኮፕም ይበራል። ፍላሻችሁ ላይ ቦታ ካለ እንጂ።

ለልጆች ይሆናል?

አሮጌው አይሆንም፣ እትዬ፣ ሮቦት ስላለው የልጆች ነው ብለው አይውሰዱብኝ። አሜሪካ ራሱ ሳንሱሮቹ ጭካኔው በዛ ብለው ስንት ጊዜ መልሰውት እየተቆረጠ ነው ለአዋቂ ተብሎ የወጣው። እኔ በዘጠኝ አመቴ አይቼው የመርፊ እጅ ስንት ሌሊት ህልሜ ውስጥ እንደገባ እኔ ነኝ የማውቀው። አዲሱ ለስለስ ያለ ነው፣ ከ13 አመት በላይ ላለ ልጅ ደህና ነው። እንግዲህ እዚች ላይ አዲሱ አሸንፏል።

አንተ የልጅነት ትዝታ ስለሆነብህ ነው እንጂ ልዩነት የለውም

ይሄን የሚሉኝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። እኔም ተጠራጥሬ ራሴን ፈትኛለው። ያኔ ያበድንላቸውን ፊልሞች ካደግኩ በኋላ እየፈለግኩ አየኋቸው፣ አብዛኛው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ አንዱን እንደውም ይሄን ነው እንዴ ብዬ አፈርኩ። ትዝታ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ይጣፍጡኝ ነበር። ሮቦኮፕ ግን ባየሁት ቁጥር ልጅ ሆኜ ያላየሁትን ነገር ያሳየኛል፣ ያኔ ተኩሱን ነበር የማየው፣ አሁን የስብሰባውን ጠረጴዛ ነው የማየው፣ ሰው ሞቶ እዛው ወዲያው ስለ ትርፍና ስለ ፕሮጀክቱ መዘግየት የሚያወሩትን። ስራ ቀጥሮኝ የነበረ ሰው ሁሉ በየተራ ፊቱ ይመጣብኛል፣ ስም አልጠራም።

እሺ መጨረሻው ላይ ምን ይላል? የኔ ፋይል ላይ ተቆርጧል

የናንተ ፋይል ብቻ አይደለም፣ የኔም ልጅነት ላይ ተቆርጧል። ክፉው ባለስልጣን የካምፓኒውን ሽማግሌ ሊቀመንበር አግቶ ሽጉጥ ደቅኖበት፣ ሮቦኮፕ ደግሞ በአራተኛዋ ትዕዛዝ ታስሮ መተኮስ አቅቶት፣ ሁላችንም ትንፋሽ ይዘን፣ መብራት ጠፋ። እስከ ማታ ጠበቅን፣ አልመጣም። በነጋታው ካሴቱ ተመልሷል ተባለ። መጨረሻውን ያየሁት ስራ ከያዝኩ በኋላ ነው፣ ከአስር አመት በላይ ቆይቼ። ሽማግሌው ባለስልጣኑን "ተባረሃል" ይለዋል፣ ከስራ ከተባረረ ትዕዛዟ አትጠብቀውም፣ ሮቦኮፕ ይተኩሳል። ከዛ ሽማግሌው "ጥሩ ተኩስ ነው ልጄ፣ ስምህ ማነው?" ይላል። "መርፊ።" ፊልሙ አለቀ። እዛው ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ አጨበጨብኩ፣ ፍላሽ ሊያስጭን የቆመው ልጅ አበደ እንዴ ብሎ አየኝ።

የመርፊ ሚስትስ? ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ?

አሮጌው ላይ አልተመለሰም። ሚስቱ ሞቷል ብላ ቀብራ፣ ቤቱን ለቃ፣ ሌላ ኑሮ ጀምራለች። እሱም "ስሜታቸው ይሰማኛል ግን አላስታውሳቸውም" ይላል፣ በቃ እዛው ይቀራል። አዲሱ ላይ ሚስትየው ሁሉን ታውቃለች፣ ፈርማ ነው ብረት ያስለበሰችው፣ ልጁም በር ላይ ይጠብቀዋል።

አዲሱ ፊልም የአያቴን ጥያቄ ለመመለስ የተሰራ ይመስለኛል። መብራት የጠፋ ቀን እቤት ገብቼ ታሪኩን ለአያቴ ነገርኳት፣ የመንዝ ሰው ናት፣ እሳት ዳር ቁጭ ብላ የበግ ጠጉር ትፈትላለች። ሰውየውን እንደገደሉት፣ ብረት እንዳለበሱት፣ ባዶ ቤቱ እንደሄደ ነገርኳት፣ የእንጀራ ወንድሙንም ጨምሬ። ስለ ሮቦቱ ምንም አልደነቃትም። "ሚስቱስ ሰማች?" አለችኝ። አልሰማችም፣ ሞቷል ብላ ሄዳለች አልኳት። እንዝርቷን አቆመች።

"ተዝካሩን አውጥታለታለች?"

እሱን ፊልሙ ላይ አላሳዩም አልኳት።

"ቀብራውማ ሳታወጣለት አትቀርም" አለች። "እንግዲያ በቁሙ ተዝካሩን በላ በለኛ" ብላ መፍተሏን ቀጠለች።